ቃል ሳትተነፍስ ያስለቀሰችን አሮጊት ማን ናት?

ጥያቄ፦ ከአንዲት አንባቢ የደረሰኝ ነው። «በቅርቡ "አሁንም እዚህ ነኝ" የተባለውን የብራዚል ፊልም ከሁለት ብራዚላውያን የሥራ ባልደረቦቼ ጋር አየሁ። መጨረሻው ላይ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠች አሮጊት ትመጣለች። የምትታየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ አንድም ቃል አትናገርም። ባልደረቦቼ ግን ገና ፊቷን ሲያዩ እንባቸው መጣ። ማን ናት? ኦስካር ተቀምታለች የሚባለውስ እውነት ነው? ሌላ ሥራዋን ማየት ብፈልግ ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ ሰላም እህቴ። ሴትዮዋ ፈርናንዳ ሞንቴኔግሮ ትባላለች። እኔ ትወና አስተማሪ ነኝ፤ ስለ እሷ ተጠይቄ በሁለት መስመር መመለስ አይሆንልኝም። ስለዚህ ቡናሽን ይዘሽ ቁጭ በይ።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሌላው፣ ሴትዮዋ ዘጠናን ከተሻገረች ቆይታለች፤ በደንቡ «አንቱ» ነበር የሚገባት። ግን የመድረክ ሰውን ስንወድ «እሷ» ማለት ይቀናናል። ይቅር በሉኝ።

ከለቅሶው ልጀምር። ፊልሙን ላላዩት፣ ታሪኩ እውነተኛ ነው። በ1971 ጥር ወር የወታደራዊው መንግሥት ሰዎች ሩቤንስ ፓይቫ የተባለውን የቀድሞ የምክር ቤት አባል ሪዮ ዴ ጄኔሮ ካለው ቤቱ ይዘውት ሄዱ። በዚያው ቀረ። ሚስቱ ኤውኒሴ አምስት ልጆቿን አሳደገች፣ ሕግ ተምራ ጠበቃ ሆነች፣ የባሏን የሞት ምስክር ወረቀት በእጇ ያስገባችው በ1996 ነው። ሃያ አምስት ዓመት መሆኑ ነው። በፊልሙ ውስጥ ኤውኒሴን ሆና የምትጫወተው ፈርናንዳ ቶሬስ ናት። መጨረሻ ላይ የምትመጣውን፣ አልዛይመር የያዛትን አሮጊቷን ኤውኒሴን ሆና የምትጫወተው ደግሞ የፈርናንዳ ቶሬስ ወላጅ እናት፣ የእኛዋ ፈርናንዳ ሞንቴኔግሮ ናት።

እስቲ ብራዚላዊ ሆነሽ አስቢው። ሁለት ሰዓት ሙሉ የልጅቷን ፊት ስታዪ ቆይተሻል። ከዚያ ያው ፊት አርጅቶ ይመጣል። ሜካፕ አይደለም፤ የኮምፒውተር ሥራም አይደለም። ያው ጉንጭ፣ ያው የዓይን አቀማመጥ፣ ስሙ እንኳ ያው ነው። በዚያ ላይ ያ ፊት አያቶቻቸው፣ ወላጆቻቸውና እነሱ ራሳቸው በየሳሎናቸው ሲያዩት የኖሩት ነው። ባልደረቦችሽ ያለቀሱት ለኤውኒሴ ብቻ አይመስለኝም።

ትዕይንቱን እንደገና ክፈቺው። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይጫወታል። እሷ አካሏ እዚያ ነው፣ ልቧ ግን የለም። ቴሌቪዥኑ በወታደሩ ዘመን ስለተሰወሩ ሰዎች ያወራል። የባሏ ፎቶ ይመጣል። ተዋናይ የሚፈተነው እዚህ ጋ ነው። እንባ ማምጣት ይቻላል፤ ከንፈር ማንቀጥቀጥም ይቻላል። አሮጊት ሆኖ መንቀጥቀጥማ የጀማሪ ሁሉ ሥራ ነው። እሷ ወደዚያ አልሄደችም። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ከሩቅ ቦታ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ሲመለስ ታያለሽ። በቃ።

ተማሪዎቼ «ምን አደረገች?» ይሉኛል። «አዳመጠች» እላቸዋለሁ። ይሄ መልስ አያረካቸውም፣ አውቃለሁ። ግን ስለዚህች ሴት አንድ ነገር ብቻ ተናገር ብባል የምናገረው ይህንኑ ነው። ሌላው ሲናገር የእሷን ፊት እይ፤ ትወናው ያለው እዚያ ነው።

የሚገርመው፣ ሥራ የጀመረችው ፊት በማይታይበት፣ ዝምታም በማይፈቀድበት ቦታ ነው፤ ሬዲዮ ጣቢያ። ጥቅምት 16 ቀን 1929 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ዳር ከሚኖሩ ሠርቶ አደር ቤተሰቦች ተወለደች። በአባቷ በኩል ፖርቹጋል፣ በእናቷ በኩል ጣሊያን። የወጣላት ስም አርሌቴ ነበር። በ15 ዓመቷ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ወደነበረው ሬዲዮ ገባች። አስተዋዋቂ ሆነች፣ የሬዲዮ ድራማ ተጫወተች፣ የልቦለድ ሥራዎችን ለሬዲዮ እያሳጠረች አዘጋጀች። ጎን ለጎን ለውጭ አገር ሰዎች ፖርቹጋልኛ ታስተምር ነበር፤ እንጀራ ነዋ። ስሙንም ያኔ ለራሷ አወጣች። «ፈርናንዳ» ከድሮ የፈረንሳይ ልቦለድ የወጣ ይመስላት ነበር። «ሞንቴኔግሮ» ደግሞ ቤተሰቧ ስለ ፈዋሽነቱ ሲያወራለት የሰማችው ሐኪም ስም ነው። አንዱ ስም ከመጽሐፍ፣ አንዱ ከሰፈር ወሬ። እኔ ይሄን ድብልቅ ስወደው!

በ1950 መድረክ ላይ ወጣች። እዚያው ቴአትር ውስጥ ፈርናንዶ ቶሬስ የተባለ ወጣት አገኘች። ፈርናንዳና ፈርናንዶ። ተጋቡ። ሰውየው ተዋናይም አዘጋጅም ነበር፤ እስከሞተበት እስከ 2008 ድረስ በሥራም በትዳርም አልተለያዩም። ወንዱ ልጃቸው ክላውዲዮ የፊልም ዳይሬክተር ነው። ሴቷን አይተሻታል።

አሁን ወደ ቴሌቪዥን። ይህን ክፍል ብዙ ጸሐፊዎች በአንድ መስመር ያልፉታል። እኔ ግን ቁልፉ እዚህ ያለ ይመስለኛል። በ1951 ሪዮ ውስጥ ቱፒ የተባለው ጣቢያ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ከቀጠራቸው ተዋንያን አንዷ እሷ ነበረች። የዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ቀረጻ አያውቅም። ቴአትሩ ከስቱዲዮ በቀጥታ ይተላለፋል። ስትሳሳቺ አገር ያያል። «እንደገና» የሚባል ነገር የለም። በኋላ ላይ ደግሞ በየሳምንቱ አዲስ ሙሉ ቴአትር የሚያቀርብ ፕሮግራም ውስጥ ገባች። አስቢው እንግዲህ፤ በሳምንት አንድ ቴአትር! ይጠናል፣ ይቀርባል፣ ይረሳል፣ ሌላው ይጠናል። እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ቃል ይጠፋል። ለአንዱ ቃሉ ሲጠፋበት የሚያድነው ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ሊያድነው የሚችለው በትክክል ሲያዳምጥ ከቆየ ብቻ ነው። የራሱን ተራ ብቻ የሚጠብቅ ተዋናይ እዚያ ገደል ይገባል። አዳማጭነቷን ያሠለጠነላት ይሄ የቀጥታ ሥርጭት ድንጋጤ ነው እላለሁ።

ሳኦ ፓውሎ ሄዳ በአገሩ ትልቅ በነበረው የቴአትር ቡድን ውስጥ ሠራች። ከዚያ በ1959 ከባሏ፣ ከተዋንያኑ ሴርጂዮ ብሪቶና ኢታሎ ሮሲ፣ ከጣሊያን ከመጣው አዘጋጅ ከጃኒ ራቶ ጋር ሆነው «የሰባቱ ቴአትር» የተባለ የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ። የመጀመሪያ ሥራቸው ከከተማ ከተማ እየዞረ ስለሚለፋ ምስኪን የቴአትር ቡድን የሚያወራ የድሮ ኮሜዲ ነበር። ሪዮ ውስጥ በትልቁ የማዘጋጃ ቤት ቴአትር አሳዩት። በራስ ላይ መቀለድ ይሏል ይሄ ነው።

የብራዚሉን ታላቅ ጸሐፌ ተውኔት ኔልሰን ሮድሪጌስን «ጻፍልን» እያለች የነዘነዘችውም እሷ ናት። ውጤቱ በ1961 መድረክ ላይ ወጣ። አውቶቡስ የገጨው ሰው ሊሞት ሲል አንድ መንገደኛን ሳመኝ ይለዋል። መንገደኛው ይስመዋል። ጋዜጠኛና ፖሊስ ተባብረው ያንን የርኅራኄ መሳም ወደ ቅሌት ይለውጡታል፤ የመንገደኛው ሕይወት ይበላሻል። ዛሬ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የምናየው ጉድ በ1961 ተጽፎ ነበር።

ፊልም የገባችው ዘግይታ ነው። በ1965፣ በ35 ዓመቷ፣ ያውም በዚያው በሮድሪጌስ ተውኔት። በሕይወቷ ያጣችውን ክብር ሁሉ በቀብሯ ላይ ለማግኘት የምትመኝ የሪዮ ዳርቻ ምስኪን ሴት ሆና ተጫወተች። ግቢ ውስጥ ዝናብ ሲወርድባት ፊቷ ላይ የሚታየው ደስታ አሁንም ያስደነግጠኛል።

አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1964፣ ወታደሩ ሥልጣን ይዟል። እስከ 1985 አልለቀቀም። እዚህ ጋ ካየሽው ፊልም ጋር እንገናኛለን። በ1973 እሷና ባሏ ገንዘባቸውን አፍስሰው አንድ ትልቅ ሙዚቃዊ ቴአትር አዘጋጁ። ጸሐፊዎቹ ዘፋኙ ሺኮ ቡዋርኬና ሩይ ጌራ ነበሩ። ታሪኩ ካላባር ስለተባለ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው፤ ፖርቹጋሎችን ትቶ ከሆላንዶች ጋር የተሰለፈ። «ከሃዲ ማለት ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሥራ። ልብሱ ተሰፍቶ፣ መድረኩ ተሠርቶ፣ ልምምዱ ካለቀ በኋላ ሳንሱር አገደው። የሰውየውን ስም ጋዜጣ ላይ መጻፍ ሳይቀር ተከለከለ። ባልና ሚስቱ ዕዳ ውስጥ ገቡ። ዕዳውን ለመክፈል ሌላ ቴአትር ይዘው አገር ለአገር ዞሩ። ያ የመጀመሪያው ኮሜዲ ትንቢት ሆነባቸው ማለት ነው። እንግዲህ በ2024 ፊልም ላይ ከቴሌቪዥኑ የሚመጣውን ዜና የምታዳምጠው ሴት ስለዚያ ዘመን ከመጽሐፍ ያነበበች አይደለችም።

አሁን ወደምወደው ትዕይንት። በ1981 ዳይሬክተሩ ሌዎን ሂርዝማን ስለ ሳኦ ፓውሎ የፋብሪካ ሠራተኞች አድማ ፊልም (Eles Não Usam Black-Tie) ሠራ። አባትየው አድማ መሪ ነው፤ ልጁ አድማ ይሰብራል። ፈርናንዳ እናትየው ሮማና ናት። መጨረሻ አካባቢ የቤተሰቡ የቅርብ ጓድ በጥይት ተገድሏል፤ ልጁም ከቤት ወጥቶ ሄዷል። ሌሊት ነው። ባልና ሚስት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ለነገ የሚቀቀል ቦሎቄ አለ። ይለቅማሉ። ሌላ ምንም የለም። ጠጠሩ ወዲያ፣ ፍሬው ወዲህ። ማንም አያወራም። የምትሰሚው የቦሎቄውን ድምፅ ነው፤ ጠቅ፣ ጠቅ።

ምስር ለቅመሽ ካደግሽ ያን የእጅ እንቅስቃሴ ታውቂዋለሽ። እጅ በራሱ ይሠራል፤ ሐሳብ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ተዋናይት ስትሆኝ ግን ችግር አለ። ወይ እጅሽ ላይ ታተኩሪና ሐዘኑ ይጠፋል፤ ወይ ሐዘኑን ትይዢና እጅሽ የውሸት ይሆናል። እሷ እጇ ቤት ያለች ሴት እጅ ነው፤ ዓይኗ ደግሞ ሬሳ ያየች ሴት ዓይን። ፊልሙ በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት አገኘ። ብራዚል ውስጥ ስለ ትወና ሲወራ እስካሁን ያ ቦሎቄ ይነሳል።

ግን የሐዘን ሴት ብቻ እንዳትመስልሽ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1983፣ በአንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ከፓውሎ አውትራን ጋር ሲጨቃጨቁ ቁርስ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ምግብ ሁሉ አንስተው ፊት ለፊት ይወራወራሉ። የአገሪቱ ሁለት ትልልቅ የቴአትር ሰዎች በክሬምና በጁስ ተለውሰው! ብራዚላዊ ባልደረቦችሽን ጠይቂያቸው፤ በሳቅ ይፈነዳሉ። በ1985 ደግሞ ሲቪል መንግሥት ሲመጣ ፕሬዚዳንት ሳርኔይ የባህል ሚኒስትር ሁኚ አሏት። አይሆንም አለች። መድረኬ ይበቃኛል ነው ነገሩ።

ዓለም ያወቃት በ1998 ነው፤ 68 ዓመቷ ነበር። ዋልተር ሳሌስ፣ አሁን ያየሽውንም የሠራው ያው ሰው፣ «ሴንትራል ዶ ብራዚል» በሚለው ፊልሙ ላይ ዶራን ሰጣት። ዶራ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ሪዮ ባቡር ጣቢያ ጠረጴዛ ዘርግታ መጻፍ ለማይችሉ ሰዎች በክፍያ ደብዳቤ ትጽፋለች። ብዙዎቹን ግን አትልካቸውም። ማታ ቤቷ ወስዳ ከጎረቤቷ ጋር ታነባቸዋለች፤ ትስቅባቸዋለች፤ ትቀድዳቸዋለች ወይም መሳቢያ ውስጥ ትወረውራቸዋለች። ክፉ ናት እኮ! ተዋናይት ሆኖ እንዲህ ያለችን ሴት ተመልካች እንዲወዳት ሳይለማመጡ መጫወት ድፍረት ነው።

ቀረጻው ላይ የሆነውን ልንገርሽ። ጠረጴዛውን ጣቢያው ውስጥ ሲዘረጉ እውነተኛ መንገደኞች እውነተኛ መስሏቸው መጥተው ደብዳቤ ማስጻፍ ጀመሩ። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ ፊልሙ ላይ አሉ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ስታዪ፣ የምታዳምጠው እውነተኛ የሰው ናፍቆት ነው። ሰውየው ልቡን ያፈሳል፤ እሷ ትጽፋለች። ፊቷ ላይ ርኅራኄ የለም። መሰልቸት አለ፣ ንቀት አለ። ከንቀቱ ሥር ግን ጆሮዋ ክፍት ነው፤ ይሄ ነው በኋላ የሚያስከፍላት።

አብሯት የሚጫወተው ልጅ ቪኒሲየስ ዴ ኦሊቬይራ ተዋናይ አልነበረም። ሪዮ አየር ማረፊያ ጫማ የሚጠርግ ሊስትሮ ነበር፤ ሳሌስ ያገኘው እዚያ ነው። ከሺህ በላይ ልጆች ተፈትነው እሱ ተመረጠ። ያልሠለጠነ ልጅ ፊት የተማረ ትወና ይጋለጣል፤ ልጁ እውነት ነውና። እሷ ግን ወደ ልጁ ወረደች። ሲጨቃጨቁ ልብ ብለሽ ስሚያቸው።

አንድ ትዕይንት ልጨምር። በመንገድ ላይ ደግ የጭነት መኪና ሾፌር ያሳፍራቸዋል። ዶራ ልቧ ይከጅላል። ምግብ ቤት ውስጥ እጁን ትነካዋለች፤ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብታ ሊፕስቲክ ትቀባለች። ስትመለስ መኪናው ሲሄድ በመስታወቱ ታያለች። ያ አዲስ ቀለም ያለበት ከንፈር! እዚያ ጋ ሙዚቃም ንግግርም አያስፈልግም ነበር።

በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ፊልሙ ዋናውን ሽልማት የወርቅ ድቡን፣ እሷ ደግሞ የምርጥ ተዋናይት የብር ድቡን ወሰዱ። በ1999 ለኦስካር ምርጥ ዋና ተዋናይት ታጨች፤ ብራዚላዊት በዚህ ዘርፍ ስትታጭ የመጀመሪያዋ ናት፤ ያውም በፖርቹጋልኛ ተናግራ። ያሸነፈችው ግዊኔት ፓልትሮ ናት። «ተቀማች» የሚለው ከዚህ የመጣ ነው። ብራዚላውያን እስካሁን አልረሱትም። የእኔ አስተያየት? ከአምስቱ እጩዎች ሥራ ውስጥ ዛሬም እየተመለስኩ የማየው የዶራን ነው። ግን ኦስካር የድምፅ ጉዳይ ነው። አብዛኛው መራጭ የእሷን ቋንቋ አይሰማም፤ የዓመታት ታሪኳንም አያውቅም። ሌብነት አልለውም። አለማወቅ ነው።

ልጅቷ ቶሬስ በ1986 ገና በ20 ዓመቷ በካን የፊልም ፌስቲቫል ምርጥ ተዋናይት ተብላ ነበር፤ ከእናቷ ቀድማ። በጥር 2025 በኤውኒሴ ሚና ጎልደን ግሎብን ስታሸንፍ ሽልማቱን ለእናቷ ሰጠች። ለኦስካርም እንደ እናቷ ታጭታ እንደ እናቷ ሳታገኝ ቀረች። ፊልሙ ግን በምርጥ ዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ አሸነፈ፤ ለብራዚል የመጀመሪያው ነው። አገር ቤት ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ሲኒማ ሄዶ አይቶታል።

ከዶራ በኋላ ያለውን በችኮላ ልለፈው፤ ሽልማት መቁጠር አልወድም። በ2013 በቴሌቪዥን ሥራ ዓለም አቀፉን ኤሚ አገኘች። በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ የብራዚላዊው ገጣሚ የካርሎስ ድሩሞንድ ግጥም በእሷና በእንግሊዛዊቷ ተዋናይት በጁዲ ዴንች ድምፅ ተነበበ። በ2019 ለአንድ የመጽሐፍ መጽሔት ሽፋን ከመጻሕፍት ክምር ጋር ልትቃጠል እንደታሰረች ጠንቋይ ሆና ፎቶ ተነሳች። የዚያን ጊዜው መንግሥት የኪነ ጥበብ ሹም በአደባባይ ሰደባት፤ መላው የቴአትር ሰፈር ተነሳበት። በ2021 በ92 ዓመቷ የብራዚል የሥነ ጽሑፍ አካዳሚ አባል አድርጎ መረጣት። የአካዳሚው አባላት «የማይሞቱት» ነው የሚባሉት። ለእሷ ቃሉ ቀልድ አይመስልም።

ነሐሴ 2024 ላይ ደግሞ ሳኦ ፓውሎ ኢቢራፑዌራ መናፈሻ ውስጥ የፈረንሳዊቷን ጸሐፊ የሲሞን ዴ ቦቯርን ጽሑፍ አነበበች። 94 ዓመቷ ነው። ጠረጴዛ፣ ወረቀት፣ ማይክ። 15 ሺህ ያህል ሰው ሣር ላይ ተቀምጦ አዳመጣት። ዕድሜዋን ሙሉ ሌላውን ስታዳምጥ ኖራ፣ ተራው የእነሱ ሆነ።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ መጀመሪያ «ሴንትራል ዶ ብራዚል»ን እይ፤ እሱን ለማንም እመክራለሁ። ቀጥሎ በ2005 ከልጇ ጋር ብራዚል ሰሜን ባለው የአሸዋ ክምር መሃል የሠሩትን «የአሸዋ ቤት» እይ፤ እናትና ልጅ እየተፈራረቁ አንዷ የሌላዋን ቦታ ሲወስዱ ታያለሽ፤ ያስለቀሳችሁ ሐሳብ ያኔም ነበረ። መሳቅ ካማረሽ በ2000 የወጣው «የርኅሩኋ ጨዋታ» አለ፤ እሷ እመቤታችን ማርያም ሆና ለአንድ ቀጣፊ ስታማልድ። የቦሎቄውን ፊልም ግን ለመጨረሻ አቆዪው። በስልክ እንዳታዪው አደራ። ማታ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ድምፁን ከፍ አድርጊና ፍሬው ሳህኑ ላይ ሲወድቅ ስሚ።